ሦስቱን ምዕራፎች ይዤ ወደ ኦክላንድ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉኝ የመጡት ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁኝ ስለዚያ ስለ ሳን ፍራንሲስኮው ቀይ ድልድይ ነው። ድልድዩን አላየሁትም። ልናየው ባሰብንበት ቀን ጉም ስለነበር ትተነው ተመለስን። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ያዝንልኛል፤ ማዘን ግን አያስፈልግም። የሄድኩት ለአንድ ፊርማ ነበር። እግረ መንገዴን ያየሁትንና የገጠመኝን እንደ ቀኑ ቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። ያኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። መጽሔት እንደ አሸን በፈላበት በዚያ ዘመን አንድ ሳምንታዊ መጽሔት የወንጀል ልብ ወለድ በተከታታይ እንድተረጉምለት ጠየቀኝ። ለገሃር መንገድ ዳር ከዘረጋ መጽሐፍ ሻጭ አንድ አሜሪካዊ የጻፈው አሮጌ መጽሐፍ ገዛሁና «የተከራይዋ ቁልፍ» ብዬ ጀመርኩት። ስተረጉም ወደፊት አላነብም ነበር። የሳምንቱን ምዕራፍ በሳምንቱ አነባለሁ፣ በሳምንቱ እተረጉማለሁ። ነፍሰ ገዳዩን አስቀድሜ ካወቅሁ ብዕሬ ያሳብቅብኛል ብዬ ነው። ምዕራፍ ሃያ አንድን ጨርሼ ገጹን ብገልጥ ከዚያ በኋላ ያለው የጀርባው ሽፋን ነው። የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም፤ አንዱ ባለሱቅ ኦቾሎኒ ጠቅልሎባቸው ይሆናል።

አዘጋጁ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስነግረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀኝ። «ሐሙስ ማተሚያ ቤት እንገባለን። ማን እንደገደለ አንቺ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ቤቴ ገብቼ አሰብኩና አወቅሁ። ሦስት ምዕራፍ ጽፌ ጨረስኩት። በኋላም መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ ከተረጎምኳቸው ስድስት መጻሕፍት ሰው የሚያውቀኝ በእሱ ነው። ሰው ሁሉ የሚያነሳው ደግሞ መጨረሻውን ነው። ከዓመታት በኋላ ሙሉውን ቅጂ አግኝቼ ሳነብ ነፍሰ ገዳዩ ሌላ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ዘንድሮ አንድ አሳታሚ መጽሐፉን እንደገና ላትመው አለ። ግን ዘመኑ ተለውጧል፤ «የደራሲው ፈቃድ በጽሑፍ ካልመጣ አናትምም» አለኝ። ሳን ሆዜ ያለችው የወንድሜ ልጅ ሊድያ ደራሲውን በኢንተርኔት ፈልጋ አገኘችልኝ። ኦክላንድ ነው የሚኖሩት፤ ከእሷ ቤት በባቡር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። መጽሐፋቸው በአማርኛ መተርጎሙን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ለምሳ ጋበዙኝ። ስለ ሦስቱ ምዕራፎች ግን አልጻፍኩላቸውም። እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ነው የሚነገረው።

ማክሰኞ

ከቦሌ ተነስቼ፣ ዋሽንግተን ላይ አውሮፕላን ቀይሬ ሳን ፍራንሲስኮ ገባሁ። የራሴ ሻንጣ አንድ ነው፤ የሌሎች ሰዎች አደራ ሌላ አንድ ሻንጣ ሞልቷል። ዋሽንግተን ላይ ፓስፖርት የሚያየው ወጣት የመጣሁበትን ጉዳይ ሲጠይቀኝ፣ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሴትዮ፣ ደንግጬ «ስለ አንድ ግድያ ሰው ላነጋግር ነው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። መጽሐፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁት፤ ሽፋኑ ላይ ሽጉጥ ተስሎበታል፤ ያ ደግሞ ነገሩን አባሰው። አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠውኝ ሻንጣዬን ከፈቱ። ሚጥሚጣውን የፈታው ሰውዬ አምስት ጊዜ አስነጥሶ «ሂጂ፣ ሂጂ» ብሎ ለቀቀኝ።

ሳን ፍራንሲስኮ ስደርስ ወንድሜ ጌታቸው ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል። በሱዳን በኩል ስደት ወጥቶ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ዕድሜ ልኩን ሹፌር ነው፤ ድሮ ታክሲ፣ አሁን በስልክ የሚጠራ መኪና። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሊድያ ጋር ብቻቸውን ናቸው።

«እታለም!» ብሎ አቅፎኝ ሳይጨርስ መጽሐፉን እጄ ላይ አየው። «ይሄንን መጽሐፍ እኮ ፓሴንጀሮቼን ሁሉ ነው የምነግራቸው። ማይ ሲስተር ትራንስሌት አድርጋዋለች እላለሁ። ኤርፖርት ላይን ይዤ፣ ተራ ስጠብቅ ነው ያነበብኩት። መጨረሻው ላይ ስደርስ አልቅሼ ተራዬ አለፈኝ።»

መንገዱ ስድስት መኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ ሆኖም ሬድውድ ሲቲ አካባቢ እንደ መገናኛ ቆመን ቀረን። የሚለየው ማንም ጥሩምባ አለመንፋቱ ነው። ጌታቸው ስለ መጨረሻው ማውራቱን አላቆመም። እኔ በመስኮት ውጭ ውጭውን አያለሁ።

ረቡዕ

ጌታቸውና ሊድያ ሥራ ሄዱና ብቻዬን ቀረሁ። የጌታቸው ሰፈር ዝም ያለ ነው። እኛ ዘንድ ገርጂ እስከ ሱቅ ድረስ ለመድረስ ስንት ሰው ሰላም ማለት አለ፤ እዚህ መኪናው ሁሉ በር ላይ ተደርድሮ ሰው የለም። ትንሽ ልንሸራሸር ብዬ ወጣሁና ቤቱ ጠፋኝ። ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ዓይነት ጋራዥ፣ አንድ ዓይነት ሣር። ስልኬን ቤት ትቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ በአንድ መንገድ ስመላለስ ሣር የምታጠጣ አንዲት በዕድሜ የገፋች ቬትናማዊት አየችኝ። እንግሊዝኛዋ ጥቂት ነው። በእጇ መሪ እንደሚያዞር ሰው አደረገችና «ታክሲ?» አለችኝ፤ የሹፌሩ ቤት ማለቷ ነው። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ክንዴን ይዛ እስከ ጌታቸው በር አደረሰችኝ፤ ተመልሳም ከግቢዋ ዛፍ የቀጠፈችውን ብርቱካን በፌስታል አመጣችልኝ። ፆም ነበርና ምሳዬ እሱ ሆነ።

ሐሙስ

አደራ ለማድረስ ዳሊ ሲቲ ሄድን። ሳን ሆዜ ፀሐይ ነበር፤ ዳሊ ሲቲ ስንደርስ ጉሙ ልክ እንደ ጣርማ በር መኪናው ፊት መጥቶ ተጋረጠ። የድልድዩ ነገር የቀረው ያኔ ነው። በአደራ ያመጣሁት በርበሬ የወይዘሮ ጽጌ ነበር። ወይዘሮ ጽጌ ድሮ አዲስ አበባ ስልክ መሥሪያ ቤት ይሠሩ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ክትፎ አሰናድተው ጠበቁን። ጌታቸው ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ትራንስሌተሯ እቺ ናት» አላቸው።

ወይዘሮ ጽጌ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «አንቺ ነሽ? እህቴ በየሳምንቱ መጽሔቱን በፖስታ ትልክልኝ ነበር እኮ!» አሉ። ቀጥለው በቃላቸው አሉት። «"ሻይህን ጨርስና እንሂድ።" ይቺን ቃል ባለቤቴ ሆስፒታል ሊገባ በወጣበት ጠዋት እኔም ብያታለሁ። እሱም አንብቦት ነበርና ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።»



«ደራሲውን ነገ ስታገኚው እጁን ሳሚልኝ» አሉ ክትፎውን እያቀረቡ። «ፈረንጅ ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር ከየት አመጣው?»

ያ ቃል የኔ ነው። ክትፎውን ሳልነካ ሳህኑን አስቀመጥኩ። ሴትዮዋ የማይጥም ነገር አበሰልኩ እንዴ ብለው ተጨነቁ፤ ጌታቸው መንገድ ደክሟት ነው አላቸው። አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት የሌላ ሰው ስም ያለበት ነገር ውስጥ ተደብቄ መኖሬ እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ዓርብ

ሊድያ ፈቃድ ወስዳ ከኔ ጋር መጣች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። አማርኛ ሁሉንም ትሰማለች፤ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እኔም በአማርኛ፣ እሷም በእንግሊዝኛ፣ ምንም ሳንቸገር እናወራለን። አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ባቡሩ ውስጥ ታሪኩን እንድነግራት ለመነችኝ።

ነገርኳት። አንድ የአፓርታማ ሕንፃ ባለቤት ተገድሎ ይገኛል፤ በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ጠፍቷል። መርማሪው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ምርመራውን ይቀጥላል። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው አሮጊቷ ሚስ አዳ በየቀኑ ሻይ ትጋብዘዋለች። ምዕራፍ ሃያ አንድ ላይ ስደርስ አቆምኩ።

«እና?» አለች ሊድያ።

«እዚህ ላይ መጽሐፉ ተቀዷል» አልኩና የቀሩትን ሦስት ምዕራፎች ራሴ መጻፌን ነገርኳት። ከሟቹ አዘጋጅ በቀር፣ ከአባቷም፣ ከሰው ሁሉ በፊት እሷ ሰማች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አክስቴ» አለች። ቀጥላ በእንግሊዝኛ «አባቴ ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። አያውቅም አልኳት። «ሰውዬው ፈቃዱን ባይሰጡስ?»

«መጽሐፉ በዚያው ይቀራል። እኔም ውሸታም ሆኜ እቀራለሁ።»

በዚህ መሀል ሁለታችንም መውረጃችንን ረስተን ባቡሩ ባዶ ሆኗል። ሪችመንድ ነው፤ የመስመሩ መጨረሻ። ኦክላንድን ካለፍነው ቆይተናል። አንድ የጣቢያው ጠራጊ የሊድያን መደንገጥ አይቶ ማዶ ወደቆመው ባቡር እየሮጠ ወሰደን፤ ሊዘጋ የነበረውንም በር በመጥረጊያው እንጨት ያዘልን። እንደዚያም ሆኖ ከሰዓታችን ሃምሳ ደቂቃ ዘግይተን ደረስን።

ደራሲውን ሚስተር ሮይ ብዬ ብቻ ልጥራቸው፤ የአባታቸውን ስም እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል። ሰባ አምስት ያለፋቸው፣ ረዥም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። ሐይቁ አጠገብ ባለ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ይኖራሉ። ሊድያ ዓርብ እንደምፆም አስቀድማ ጽፋላቸው ስለነበር ምስር ቀቅለው ጠበቁኝ። ደግነታቸው ግን ትንሽ አለፈና ላዩን አይብ ነሰነሱበት። ሊድያ በጆሯቸው ስትነግራቸው ፊታቸው ቀላ። ከላይ ያለውን በማንኪያ እየገፈፉ ወደ ራሳቸው ሳህን ወሰዱና የታችኛውን ሊሰጡኝ አሉ። እኔ ዳቦና ቲማቲም ይበቃኛል ብዬ እሱን በላሁ፤ እሳቸው ግን ምሳው እስኪያልቅ ይቅርታ መጠየቃቸውን አልተዉም።

ስለ ሥራቸው ጠየቅኋቸው። ወጣት ሳሉ ጋዜጠኛ ነበሩ፤ በየቀኑ ፖሊስ ጣቢያ እየሄዱ ማን ተሰረቀ፣ ማን ተገደለ የሚለውን ይጽፉ ነበር። ልብ ወለዱን ሥራ ከመግባታቸው በፊት ማለዳ ልብስ ማጠቢያ ቤት ቁጭ ብለው ነው የጻፉት፤ ቤታቸው ሁለት ሕፃናት ነበሩና። «የተከራይዋ ቁልፍ» የመጀመሪያቸው ነው። ማንም አላነበበውም። አራተኛው ሲወጣ ስም አገኙ፤ ከዚያ በየዓመቱ አንድ ሲጽፉ ኖሩ። ግድግዳው ላይ በብዙ ቋንቋ የታተሙት ተደርድረዋል።

«አሁንስ ምን እየጻፉ ነው?» አልኳቸው።

«ምንም። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሁሉም መጽሐፌ የሚያልቀው ጣሪያ ላይ ወይም ድልድይ ላይ ነው፤ ሁለት ሰው፣ አንድ ሽጉጥ። ከዚህ ሌላ መጨረሻ አልመጣልኝ አለ።»

ጊዜው ደረሰ። የፈቃዱን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ከመስጠቴ በፊት ግን ሁሉንም ነገርኳቸው። የተቀደደውን መጽሐፍ፣ ሐሙስን፣ ማተሚያ ቤቱን።  ሚስተር ሮይ እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«በእርስዎ መጽሐፍ ማነው የገደለው?» አሉኝ።

«ሚስ አዳ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ያንብቡልኝ።»

ምዕራፍ ሃያ ሁለትን ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው፤ ቃል ሲጠፋኝ ሊድያ ታቀብለኛለች። መርማሪው ሚስ አዳ ውሃ ልታፈላ ወደ ኩሽና ስትገባ የስኳሩን ዕቃ ይከፍታል። ውስጡ ቁልፉ አለ። ክዳኑን መልሶ ይገጥማል። ሴትዮዋ ተመልሳ ሻይ ትቀዳለታለች። ምዕራፉ እዚያ ላይ ያበቃል፤ በተከታታይ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን አንጠልጥሎ መተው ልማዱ ነው።

ሚስተር ሮይ ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። 

«ስኳሩን ከየት አመጡት?» አሉ።

«ከእርስዎ ነው። ምዕራፍ አራት ላይ ሚስ አዳ ስኳር አልወድም ትላለች። ጠረጴዛዋ ላይ ግን የስኳር ዕቃ አለ። ስተረጉመው፣ ስኳር የማትወድ፣ እንግዳ የማይመጣባት ሴት ስኳር ለማን ታስቀምጣለች ብዬ ነበር።»

 ሚስተር ሮይ ወረቀቱን ሳይፈርሙ ጠረጴዛው ላይ ትተውት «ዛሬ ይበቃናል፤ ደክሞኛል» አሉና በር ድረስ ሸኙን። ትሕትናቸው አልጎደለም፤ ፊታቸው ግን ተዘግቶ ነበር።  ወይዘሮ ጽጌ ሳሚልኝ ያሉኝን እጅም ሳልስም ቀረሁ።

ቅዳሜ

ሻንጣዬን እያሰናዳሁ ሳለ የሊድያ ስልክ ጮኸ። ሚስተር ሮይ ናቸው። ሰላምታም አልሰጡ። ሊድያ ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ።

«ሴትዮዋ ታውቃለች? ቁልፉን እንዳየው ታውቃለች?»

«ምዕራፍ ሃያ ሦስት ላይ ነው ያለው» አልኩ።

«ስልክ አይሆንም። መጣሁ።»

በባቡር መጡ፤ ሊድያ ከጣቢያው አመጣቻቸው። ጌታቸው እንግዳ ሲመጣ እንደሚያደርገው ሁሉ ሳሎኑን አስተካክሎ፣ ሽርጥ አስሮ፣ እንቁላል ፍርፍር ሠርቶ ተቀበላቸው። በሩ ላይ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ በእንግሊዝኛ «የመጽሐፉን መጨረሻ ሳነብ አለቀስኩ» አላቸው።

ሚስተር ሮይ ወደኔ አዩ። «እኔን አያመስግኑ። እህትዎ ናቸው የጻፉት» አሉት።

ጌታቸው ወደኔ ዞረ። «እታለም፣ ምንድን ነው የሚሉት? እኔን ያስለቀስሽኝ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ? ስንቱን ፓሴንጀር ዋሸሁ በይኛ!» ሽርጡን ፈትቶ ወንበር ላይ ወረወረና መኝታ ቤት ገባ። ማንበብ የጀመርነው እሱ ሳይኖር ነው። ግማሹ ላይ ስንደርስ ግን ወጥቶ በሩ ላይ ተደግፎ ቆመ።

ሚስ አዳ ታውቃለች። ስኳር ላድርግልህ ብላ ትጠይቀዋለች፤ እሱ አልፈልግም ይላታል። ባለ ሕንፃው አርባ ዓመት ከኖረችበት ክፍል ሊያስወጣት እንደነበር በተራ ድምፅ ትነግረዋለች። ኮቷን ትለብሳለች። እሱ ግን መነሳት ያቅተዋል። «ሻይህን ጨርስና እንሂድ» የምትለው እሷ ናት።

የመጨረሻውን ቃል እንግሊዝኛ አድርጌ ስጨርስ ሚስተር ሮይ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጌታቸውም ጠረገ፤ ተቆጥቶም ቢሆን።

«የስኳሩን ዕቃ ያስቀመጥኩት እሷ እንድትሆን አስቤ ነበር» አሉ ሚስተር ሮይ። «አሳታሚው ጣሪያና ሽጉጥ ይሻላል አለኝ። ወጣት ነበርኩ፤ እሺ አልኩ። የባለ ሕንፃውን የወንድም ልጅ ነፍሰ ገዳይ አድርጌ ጣሪያ ላይ አወጣሁት። የስኳሩን ዕቃ ማጥፋት ረሳሁት። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ሰው ጣሪያ ላይ ሳወጣ ኖርኩ።» ቀጥለው «ትናንት ተናድጄ ነበር። በእርስዎ አይደለም» አሉኝ።

እኔ ያመጣሁትን ወረቀት አልፈረሙትም። ከሊድያ ነጭ ወረቀት ጠይቀው በእጃቸው ሌላ ጻፉ። ፈርመው ሰጡኝ፤ እኔ መነጽሬን ስፈልግ ሊድያ ጮክ ብላ አነበበችው።

«መጽሐፌ ከምዕራፍ አንድ እስከ ሃያ አንድ ያለው በአማርኛ እንዲታተም ፈቅጃለሁ። ምዕራፍ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስትና ሃያ አራትን የጻፍኳቸው እኔ ስላልሆንኩ ልፈቅድ አልችልም። ስለ እነሱ ደራሲዋን ወይዘሮ በላይነሽን ይጠይቁ።»

አለቀስኩ። ከደስታ ነው፤ ከማፈርም ነው። የሚስተር ሮይን እጅ ስሜ የማን መልእክት እንደሆነ ነገርኳቸው። ጌታቸው የራሱን ቅጂ፣ ታክሲው ውስጥ ያነበባትን አምጥቶ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሚስተር ሮይን አስፈረመ። ቀጥሎ ገልብጦ የጀርባውን ሽፋን ለኔ ዘረጋልኝ።

«አንቺ እዚህ ፈርሚ» አለኝ።

እሑድ

ጌታቸው ኤርፖርት ሲያደርሰኝ መንገዱን ሙሉ አኩርፎ ነበር። ሻንጣ ተቀባዩን ሲያገኝ ግን «ማይ ሲስተር፣ ራይተር ናት» ሲለው ሰማሁ። ሰውዬው ግድ አልሰጠውም፤ ሻንጣዬን መዘነ።

በመጣሁ በማግስቱ ደብዳቤውን ወደ አሳታሚው ወሰድኩ። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ሁለት ጊዜ አነበበው። ግንባሩን ቋጥሮ «እትዬ በላይነሽ፣ ይሄ እኮ ሙሉ አይደለም። የመጨረሻዎቹን ሦስት ምዕራፎች ማን ሊፈርምልን ነው?» አለኝ።

«እስክሪብቶ አለህ?» አልኩት።